ስማቸውን ያልጻፍኩላቸው የገብስ ባለቤት

አባቴ ማኅተም ቀራጭ ነበር። ሱቃችን ከምኒልክ አደባባይ ወደ ፒያሳ ሲወረድ፣ በአንድ አሮጌ ፎቅ ሥር የምትገኝ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ተራ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ሙያውን ለእኔ አስተማረኝ፤ ዓይኑ ሲደክም ደግሞ ወንበሩን ለቀቀልኝ። የመሥሪያ ቤት ማኅተም፣ የጠበቃ ሰሌዳ፣ የተማሪዎች ሜዳሊያ፣ የእግር ኳስ ዋንጫ፣ ብቻ ስም የሚጻፍበት ነገር ሁሉ በእጄ ያልፍ ነበር።

በየዓመቱ ጥር ሲገባ የሚመጡ አንድ ደንበኛ ነበሩን። በሰሜን ሸዋ ደጋ ካለ አንድ ወረዳ፣ ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ የሚላኩ የእርሻ ባለሙያ ናቸው። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ስለሚበልጡኝ ጋሼ እላቸዋለሁ። በወረዳቸው ከጥምቀት በኋላ የገበሬዎች ትርኢት ይካሄዳል። ዳኞች መኸር ላይ ማሳ ለማሳ፣ በረት ለበረት እየዞሩ ምርጡን በሬ፣ ምርጡን ማር፣ ምርጡን ስንዴና ገብስ ይለያሉ፤ ውጤቱ ግን እስከ ትርኢቱ ቀን ለማንም አይነገርም። ጋሼ ባዶ ዋንጫዎቹን ከመርካቶ ይገዙና እኔ ጋ ያመጧቸዋል። እኔ በዝርዝሩ መሠረት የአሸናፊዎቹን ስም በትንንሽ የናስ ሰሌዳ ላይ እቀርጽና በየዋንጫው ደረት ላይ እለጥፋለሁ።

ሥራው ቀኑን ሙሉ ስለሚፈጅ ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ እየጠበቁም ያወራሉ። ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪው እሳቸው መምጣታቸውን ካየ ሥራውን ጥሎ ከበሩ ጋ ይደገፋል። ቀልድ ሳይናገር ውሎ የማያውቅ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ገበሬው ዋንጫ የሚበላው ስንት ግብ አግብቶ ነው?» አላቸው አንድ ጊዜ።

«የእኛ ግጥሚያ ዘጠና ደቂቃ እንዳይመስልህ» አሉት። «ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው። ዳኛውም ዝናብ ነው።»

ስለ ትርኢቱ ሲያወሩ ፊታቸው ይለወጣል። በሬዎቹ ወንዝ ወርደው ታጥበው፣ ቀንዳቸው ቅቤ ተቀብቶ ይመጣሉ። ሴቶቹ ዘራቸውን በቅል ይዘው በረድፍ ይቀመጣሉ። የሚያልፍ የሚያገድመው ቆም ብሎ ከቅሉ ይዘግናል፣ በጥርሱ ሰበር ያደርጋል፣ ይጠይቃል። ውርጭ ይችላል ወይ? መቼ ተዘራ? ድንጋያማ መሬት ላይስ? ደስ ያለው ጭብጥ ይዞ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንዴት እንደሆነለት ሊናገር ይመጣል። ክረምት ወንዝ ሞልቶ የለያያቸው ዘመዶች እዚያ ይገናኛሉ። ማን ከብቱ እንዳለቀበት፣ የማን ባቄላ እንደታመመ እዚያ ይሰማል።

«እኛ ባለሙያ ተብለን ዓመት ሙሉ እየዞርን ያልነገርናቸውን» ይሉ ነበር ጋሼ «እዚያ ሜዳ ላይ በግማሽ ቀን አንዱ ከአንዱ ይማረዋል። እኔ ራሴ ማስታወሻ ደብተሬን የምሞላው እዚያ ነው።»

ዋንጫዎቹን በካርቶን አሽገው ሲነሱ ሁልጊዜ ይጋብዙኛል። «ዘንድሮ እንኳ ነይ እንጂ። በጠዋቱ አውቶቡስ ብትሳፈሪ አመሻሽ ላይ ቤትሽ ነሽ። የጻፍሽው ስም ሲጠራ ሰዉ እንዴት እንደሚሆን ታያለሽ።»

«ለከርሞ፣ ጋሼ። ዘንድሮ ሥራ ይዞኛል።»

ሥራ ይዞኝስ ነበር። ግን እውነቱን ለመናገር፣ በሬና ገብስ ለማየት ያን ሁሉ መንገድ መሄድ ሞኝነት መስሎኝ ነበር። የአራዳ ልጅ ነኝ፤ የሚታይ ነገር ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል እንጂ እኛ አንሄድለትም ብዬ የማስብበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ።

አንድ ዓመት፣ ትርኢቱ ካለፈ በኋላ፣ የካቲት ላይ ይመስለኛል፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው አንዲት ሴት ሱቄ ገቡ። አትክልት ተራ ገና ከሰፈራችን አልተነሳም ነበርና ድንች ከጫነ መኪና ጋር ተሳፍረው እዚያ ወርደዋል። ከዚያ እየጠየቁ በእግራቸው ነው የመጡት። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ሲፈቱት ከሦስት ሳምንት በፊት የሠራሁት ዋንጫ ነው። እግሩ ሥር የሱቃችን ስም አለ፤ ያንን ሰው አስነብበው ነው ያገኙኝ።

«ይሄን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ እናቴ። ምን ልታዘዝ?»

«ስህተት ነው የጻፍሽው። የባሌን ስም ጽፈሻል። ገብሱ የእኔ ነው።»

የዚያን ቀን ሱቄ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ማኅተም ሊረከቡ ቆመዋል። ዝርዝሩን ከመሳቢያ አውጥቼ አየሁት። ‹ምርጥ የገብስ ዘር› ከሚለው ጎን ያለው የወንድ ስም ነው፤ ፊደሉም አልተሳሳተም።

«እናቴ፣ እኔ የተሰጠኝን ነው የጻፍኩት። ይኸው፣ ማኅተም አለበት።»

«አውቃለሁ፤ እነሱ ናቸው የተሳሳቱት። የቤት አባወራ ብለው እሱን መዘገቡት።» ድምፃቸውን አላነሡም። «ገብሱን ለእኔ የሰጠችኝ እናቴ ናት። በየዓመቱ ከመታጨዱ በፊት ማሳ ውስጥ ገብቼ ዛላውን አንድ በአንድ የምለቅም እኔ ነኝ። በቅል ይዤ ሜዳው ላይ የምቀመጥ እኔ ነኝ። ባሌ አርሷል፤ አላረሰም አልልም። ግን ይሄን ገብስ ከሌላው ለይ ብትይው አይለይም። ስሙ ሲጠራ እሱ ራሱ ደንግጦ ዞሮ አየኝ። ሰው ሁሉ ነው ያየኝ።»

«ገብቶኛል እናቴ። ግን ያለ ደብዳቤ መለወጥ አልችልም። ከወረዳው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ያምጡልኝ፤ ወዲያው እሠራልዎታለሁ።»

«ስሙን የጻፈው የአንቺ እጅ አይደለም እንዴ? ደብዳቤው ምን ይጨምርበታል?»

ያንኑ ደገምኩላቸው። አባቴ በወጣትነቱ ያለ ደብዳቤ የሠራው አንድ ማኅተም ጣጣ አምጥቶበት ብዙ ተመላልሷል። ከዚያ ወዲህ በሱቃችን ያለ ደብዳቤ አንድም ፊደል አይቀረጽም። ሕጉ ለማኅተም ጥሩ ሕግ ነው። ዋንጫ ግን ማኅተም አይደለም። የናስ ሰሌዳ ነቅሎ ሌላ መለጠፍ ማንንም አያሳስርም። ይህንን ያኔም አውቀው ነበር። ግን ሰዎቹ ቆመው እያዩኝ ነው፤ ሕግ አክባሪ መስሎ መታየት ደስ ብሎኝም ነበር መሰለኝ። ይህን ለራሴ ለማመን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሴትዮዋ «ስሜን በወረቀት ጻፊልኝ» አሉኝ። ነገሩኝ፤ ጻፍኩት። ወረቀቱን አጣጥፈው ዋንጫው ውስጥ ጨመሩት።

«እንግዲያው እዚህ ይቆይ። በዚህ ስም ቤቴ አላስገባውም። ደብዳቤውን ይዤ እመለሳለሁ።»

«ባለቤትዎ አይቆጡም?»

«ይቆጣል» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ሰዓት ሠሪው ከበሩ ጋ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ቀልድ ይናገራል ብዬ ስጠብቅ «ምን ነበረበት ብትጽፊላቸው?» አለኝ።

«ነገ ቢሮው ቢጠይቀኝስ?»

«ቢሮው ስለ ገብስ ብሎ ፒያሳ ድረስ ይመጣል?» አለና ወደ ሰዓቶቹ ተመለሰ።

በሚቀጥለው ጥር ጋሼ አልመጡም። ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውረዋል። በምትካቸው የተላከው ባለሙያ ዝርዝሩን ሰጥቶኝ ለመጠበቅ ጊዜ የሌለው ሰው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ካርቶኑን ተሸክሞ ሄደ። ስለ ሴትዮዋ ልጠይቀው አስቤ ነበር። ትዝ ያለኝ ከሄደ በኋላ ነው። በዓመቱም እንዲሁ። ዋንጫው ከማኅተም ሳጥኖቹ ኋላ ገባ፤ ከፊቱ ሌሎች ሳጥኖች ተደረደሩ። ከዚያ የዋንጫው ቁጥር እያነሰ ሄደ። ቀጥሎ ዋንጫ ቀርቶ የምስክር ወረቀት ብቻ ሆነ፤ እሱ ደግሞ የማተሚያ ቤት ሥራ ስለሆነ ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ቀረ። አንድ ጊዜ በአሮጌው የአሸናፊዎች ዝርዝር ላይ ባለው የወረዳው ስልክ ደወልኩ። ያነሱት ሰው ትርኢቱ አሁን ከተማው አዳራሽ ውስጥ በስብሰባ መልክ እንደሚካሄድ፣ ምርቱም በፎቶግራፍ እንደሚቀርብ ነገሩኝ። በሬ በፎቶግራፍ! ስልኩን ዘግቼ ለሰዓት ሠሪው ነገርኩትና ሁለታችንም ሳቅን። ያ ሳቅ አሁን ሲታወሰኝ ደስ አይለኝም።

ዓመታት አለፉ፤ አባቴም አረፈ። ከዚያ ፒያሳ የሚፈርስበት ጊዜ መጣ። ሱቁን እንድንለቅ ተነገረን፤ ሰዓት ሠሪው ወደ ልጁ ቤት ሄደ፤ እኔ ሌላ ሰፈር ትንሽ ቦታ አገኘሁ። ዕቃ ሳወጣ የመጨረሻው መደርደሪያ ላይ ዋንጫውን አገኘሁት። ብርማ ቀለሙ ጠቁሯል፤ ወረቀቱ ግን እንዳጣጠፉት ውስጡ ነው። የጻፍኩት በእኔው እጅ ነው፤ ያኔ እንዴት ያለ ችኩል አጻጻፍ እንደነበረኝ ገረመኝ። ካርቶኖቹ መሃል ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ገና ያላሸግኩትን መቅረጫ አወጣሁ፤ አዲስ ሰሌዳ ቆረጥኩ፤ የሴትዮዋን ስም ከነአባታቸው ጻፍኩና አሮጌውን ነቅዬ ለጠፍኩት። በዚያ ሱቅ ውስጥ የሠራሁት የመጨረሻ ሥራ እሱ ሆነ።

መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ሳምንት ጠብቄ ተሳፈርኩ። ወረዳው ከተማ ስደርስ ገና እረፋድ ነበር። አንዲት ሻይ ቤት ገብቼ ስማቸውን ብጠራ ባለቤቷ ወዲያው አወቀቻቸው፤ ልጃቸው እዚያው ገበያው ዳር ጨውና ሳሙና የምትሸጥ ሱቅ አላት። ልጅቷ ሰላሳ ዓመት የሚሞላት ሴት ናት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«የፒያሳዋ?» አለች። «እናቴ ስለ አንቺ አውርታ አታውቅም ብል እዋሻለሁ።»

ሱቋን ዘግታ ልትወስደኝ ተነሣች። ከከተማው ስንወጣ በሽቦ የታጠረ ሰፊ ሜዳ አለፍን። መሃሉ ላይ የሕንፃ መሠረት ተቆፍሮ ቀርቷል፤ የዛጉ ብረቶች ከመሬት ወጥተው ቆመዋል።

«ትርኢቱ እዚህ ነበር» አለችኝ። «ያ ጥግ የበሬዎቹ ነው። ይሄ የማሩ። እናቴ እዚያ ድንጋዩ አጠገብ ነበር የምትቀመጥ፤ ቦታዋን ማንም አይነካባትም።»

«አሁን ሰው የት ይገናኛል?»

«ለቅሶ ላይ። ለቅሶ ላይ ደግሞ ስለ ዘር አይወራም።» ጥቂት ከሄድን በኋላ ጨመረችልኝ። «አምና ባቄላችን ታመመ። ከወንዝ ማዶ ያሉት ቀድሞ መጥቶባቸው መድኃኒት አግኝተውለት ነበር። እኛ የሰማነው የእኛው ካለቀ በኋላ ነው። ድሮ ቢሆን ጥር ላይ አውቀነው ነበር።»

ጭብጥ ገብስ በተሰጣጡበት ሜዳ ዳር እየሄድኩ፣ ጋሼ ስንት ዓመት እንደጋበዙኝ በልቤ ቆጠርኩ። ሰባት ነው፤ ወይም ስምንት።

ሴትዮዋ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘናቸው። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን ወዲያው ለየኝ። ተነሥተው ሳሙኝ። ቤት ገብተን የተቀቀለ ባቄላ ቀረበ። ዋንጫውን ከቦርሳዬ ለማውጣት ድፍረት ስላጣሁ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ከዚያ ለምን ሳይመለሱ እንደቀሩ ጠየቅኩ።

«ለደብዳቤው ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ» አሉ። «አባወራው እሱ ነው ይሉኛል። እሱ ራሱ አብሮኝ ሄዶ የእሷ ነው ብሏቸዋል፤ ነፍሱን ይማረው፣ ተቆጥቶ ነበር ግን ሄዷል። አይሆንም አሉ። ተውኩት።»

«ትርኢቱስ?»

«ተመልሼ አልሄድኩም። ሰው ስንት ጊዜ ለመነኝ። ቅሌን ይዤ በማን ስም ልቀመጥ? ዘር የሰጠኋቸው ሰዎች ሜዳው ላይ ሲያጡኝ አንዳንዱ ቤት ድረስ መጣ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ኋላ ቀሩ። እኔም ለልቤ ብዬ ለራሴ ብቻ መዝራት ጀመርኩ።»

ከዚያ ያለውን ልጅቷ ነገረችኝ። እናቷ ከትርኢቱ በቀሩ በአራተኛው ዓመት፣ ገብሱ ሊደርስ ሲል በረዶ ጣለ። ከማሳው አንድ ዛላ አልተረፈም። ለዘር ያስቀመጡትን ደግሞ ያን ዓመት ዘርተውት ነበር። በጤናው ጊዜ ቢሆን ጭብጥ የወሰደ ሰው በየመንደሩ ስለሚገኝ እፍኝ እፍኝ መልሰው ይሰበስቡ ነበር። ልጅቷና እናቷ ሁለት ሳምንት ዞረዋል። አንዱ ባለቤቱ ሞቶ ልጆቹ በስንዴ ለውጠውታል። ሌላው ከሌላ ገብስ ጋር ደባልቆታል። አንዷ ሴት ደግሞ «አንቺ ስትቀሪ ጊዜ ጠላሽው መስሎኝ ተውኩት» አለቻቸው።

ዋንጫውን ያኔ አወጣሁት። ሴትዮዋ ፊደል አይለዩምና ለልጃቸው ሰጧት። ጮክ ብላ አነበበችላቸው። «ድገሚው» አሉ፤ ደገመችላቸው። በአውራ ጣታቸው ሰሌዳውን ዳበሱት።

«ያን ቀን ብትሠሪልኝ» አሉኝ ቀና ብለው «ምን ያህል ያቆይሽ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። «ሩብ ሰዓት» አልኩ።

«ሩብ ሰዓት» አሉ። አልተቆጡም፤ እንደ ወቀሳም አላሉትም። የሰሙትን ለማስታወስ እንደሚደግም ሰው ነበር ያሉት። ቀጥለው ባቄላውን ወደ እኔ ገፉና «ብዪ እንጂ ልጄ፣ መንገደኛ ነሽ» አሉኝ። ጥቂት ዘገንኩ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ እንዲሁ መቀመጥ አልሆነልኝም። የአገሩን ዘር ሰብስቦ የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት እንዳለ ሰምቼ ነበርና ሄድኩ። ያነጋገሩኝ ባለሙያ ትዕግሥተኛ ሴት ነበሩ። ከዚያ አካባቢ የተሰበሰበ ብዙ ዓይነት ገብስ እንዳለ ነገሩኝና ይጠይቁኝ ጀመር። ዛላው ስንት ረድፍ ነው? ፍሬው ምን ይመስላል? ቅርፊቱ በእጅ ሲታሽ ይለቃል? አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ምርጥ ተብሎ በእጄ የጻፍኩትን ገብስ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። ጋሼ ከጋበዙኝ ዓመታት በአንዱ ያቺን ሜዳ ረግጬ ቢሆን ኖሮ፣ እኔም እንደ ሰዉ ዘግኜ፣ በጥርሴ ሰብሬ፣ ቢያንስ ቀለሙን መናገር እችል ነበር።

ከባለሙያዋ ጠረጴዛ ሆኜ ወደ ልጅቷ ደወልኩ፤ ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻቸው። አንዲት ጥያቄ በጠየቅናቸው ቁጥር የገብሱን ጠባይ እንደ ሰው ጠባይ ይነግሩን ነበር፤ ዝናብ ሲዘገይ እንደማይከፋው፣ ሲቆላ እንዴት እንደሚሸት። ባለሙያዋ እያዳመጡ ይጽፋሉ። በመጨረሻ ከሚመስሉት ውስጥ ሦስቱን፣ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት፣ በየከረጢቱ አድርገው ሰጡኝ። በአውቶቡስ ላኩላቸው።

ሁለቱን ገና እንዳዩ «አይደለም» አሉ። ሦስተኛውን ብዙ ቀን እያገላበጡ አዩት፤ ሰኔ ላይ ከቤታቸው ጀርባ ባለች ቁራሽ መሬት ላይ ዘሩት። ኅዳር ላይ ልጅቷ ደወለችልኝ።

«ደረሰ» አለችኝ። «ጥሩ ገብስ ነው።»

«የእሳቸው ነው?»

«አይደለም። እህቱ ነው የሚመስለው ትላለች፤ ይዘገያል፣ ሽታውም ሌላ ነው።»

ወሬዋን ቀጠለች። እናቷ ዛላውን መርጠው ለቅመውታል። ጎረቤቶች ሰምተው እየመጡ ነው፤ ለጠየቀ ሁሉ ጭብጥ ጭብጥ ይሰጣሉ። ከመስጠታቸው በፊት ግን የሰውየውን እጅ ይዘው «ይሄ የእኔ አይደለም፤ የእኔው ጠፍቷል፤ የማን እንደሆነ አላውቅም፣ ወስደህ ሞክረው» ይሉታል አለችኝ።